ቀዩ አለትና ጠራቢዎቹ

ስለ ትግራይ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚሰማው ማብራሪያ የጠላት ፍራቻ ነው። ዮዲት ጉዲት መጣች፣ ኋላም ግራኝ አሕመድ ተነሣ፤ ክርስቲያኑም ታቦቱን ይዞ ወደ ገደል ሸሸ፣ አለት ፈልፍሎ ተሸሸገ ይባላል። ይህ አባባል ከመደጋገሙ የተነሣ እንደ ተረጋገጠ ታሪክ ተቆጥሯል። ሕንፃዎቹን ቀረብ ብሎ ለመረመራቸው ግን የሚመሰክሩት ሌላ ነው። በገርዓልታ፣ በተምቤን፣ በፃዕዳ እምባና በዓጽቢ የምናየው ጥበብ የሽሽት ውጤት አይደለም። ከአክሱም ዘመን ጀምሮ ሲዳብር የኖረ የግንባታ ሙያ፣ ለመጠረብ ከሚመች የአገር ድንጋይ ጋር ተገናኝቶ የወለደው ነው። ያ ድንጋይ የምሥራቅና የመካከለኛው ትግራይ የአሸዋ ድንጋይ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ስለ ነገሥታቱና ስለ ቅዱሳኑ ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ ድንጋዩ የጻፉት ግን ጥቂት ነው። እኔ ደግሞ ድንጋዩን ወደ ጎን ትቶ የእነዚህን ሕንፃዎች ታሪክ መረዳት አይቻልም ባይ ነኝ።

በመጀመሪያ ድንጋዩን እንወቀው። ዛሬም የሚጠራበትን ስም የሰጠው እንግሊዛዊው የሥነ ምድር ተመራማሪ ዊሊያም ብላንፎርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 በጄኔራል ናፒር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከቀይ ባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በሰንዓፌና በዓዲግራት በኩል ወደ መቅደላ ሲዘልቅ ብላንፎርድ አብሮ ተጉዟል። በየመንገዱ ያየውን የድንጋይ ንብርብር እየለየ መዘገበ፤ እ.ኤ.አ. በ1870 ባሳተመው መጽሐፍም የዓዲግራት የአሸዋ ድንጋይና የእንጣሎ የኖራ ድንጋይ ብሎ የሰየማቸው ክፍሎች እስከ ዛሬ በዚያው ስማቸው ይታወቃሉ። የዓዲግራቱ ድንጋይ በትሪያሲክና በጁራሲክ ዘመናት የተከማቸ አሸዋ ተጭኖና ተጣብቆ የጠነከረ ነው። በአንዳንድ ስፍራ ከሥሩ በዕድሜ እጅግ የሚበልጠው የእንትጮ የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል። ቅንጣቶቹ በአብዛኛው ኳርትዝ ናቸው፤ እነሱን አያይዞ የያዘው ማጣበቂያ ግን እንደየቦታው ይለያያል። የብረት ኦክሳይድ በበዛበት ድንጋዩ ቀይ ይሆናል፤ ባነሰበት ደግሞ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ነጭ ያደላል። የገርዓልታ ገደሎች ፀሐይ ስታርፍባቸው ደም የመሰለ መልክ የሚይዙት ከዚህ የተነሣ ነው።

ቀጥሎ ሕንፃዎቹ የት እንዳሉ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1966 አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ፣ አባ ተወልደ መድኅን ዮሴፍ በትግራይ የሚገኙ 123 ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናትን ዝርዝር አቀረቡ። ከዚያ በፊት የውጭ ተመራማሪዎች የሚያውቁት ጥቂቶቹን ብቻ ስለነበር ዝርዝሩ ለጥናቱ አዲስ በር ከፈተ። ዴቪድ ባክስተን እ.ኤ.አ. በ1971፣ ሩት ፕላንት ደግሞ በ1985 ያሳተሟቸው ጥናቶች ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። እነዚህን ሥፍራዎች ከሥነ ምድር ካርታ ጋር ያስተያየ ሰው የሚያየው ግልጽ ነው፤ አብያተ ክርስቲያናቱ በብዛት የተሰበሰቡት የአሸዋ ድንጋዩ ገደል ሆኖ ከመሬት ብቅ ባለበት አካባቢ ነው። ሥጋት ግን በአሸዋ ድንጋይ አገር ብቻ ተወስኖ አያውቅም። አክሱምም፣ ወሎም፣ ሸዋም፣ ጎንደርም በየዘመናቸው ወረራና ቃጠሎ አይተዋል። ፍራቻ ብቻውን አለት የሚያስፈለፍል ቢሆን ኖሮ፣ ፍልፍሎቹ አደጋው በከፋበት ሁሉ ተበትነው ይገኙ ነበር እንጂ አንድ ዓይነት ድንጋይ ተከትለው ባልተሰለፉ ነበር።

ለምን ይህን ድንጋይ ተከተሉ? መልሱ ያለው በሥራው ውስጥ ነው። የአሸዋ ድንጋይ ቅንጣቱ ከቅንጣቱ የተያያዘው በስስ ማጣበቂያ ስለሆነ መሮና መዶሻ የያዘ ሰው በጥቂት በጥቂቱ ሊያነሣው ይችላል፤ ቅንጣቱ ደቃቅና እኩል በሆነበት ደግሞ ስለታም ጠርዝና ቀጭን መስመር ያወጣል። ከዚህም በላይ ለአየር በተጋለጠ ጊዜ ገጹ ይጠነክራል። በውስጡ ያለው እርጥበት ወደ ውጭ ወጥቶ ሲተን ያሟሟውን ብረትና ማዕድን ገጹ ላይ ስለሚያስቀር፣ ሲጠረብ ልል የነበረው ድንጋይ ከጊዜ በኋላ ቅርፊት ያበጃል። ንብርብሩም ለጠራቢው መመሪያ ነው። ጠንከር ያለውን ንብርብር መርጦ ጣሪያ ያደረገ ሰው ብዙ ዓምድ ሳያቆም ሰፊ አዳራሽ ያገኛል፤ ልል ንብርብር ጣሪያው ላይ የገጠመው ግን ዓምዱን ማብዛት ወይም አዳራሹን ማጥበብ ግድ ይለዋል። በዚህ ሥራ ጣሪያው ከወለሉ ይቀድማል። ጠራቢው ከላይ ጀምሮ ወደ ታች እየወረደ ስለሚሠራ መወጣጫ እንጨት አይፈልግም፤ ያልተነካው አለት ራሱ መቆሚያው ነው። በአንጻሩ የተሳሳተ ምት መመለሻ የለውም። ግንበኛ ያበላሸውን ድንጋይ አውጥቶ ሌላ ይተካል፤ ፈልፋይ ግን የቆረጠውን ዓምድ መልሶ አይቀጥልም። ስለዚህ ይህ ሥራ ቀድሞ የተሰላ ንድፍና ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የተላለፈ ሙያ የሚጠይቅ ነው፤ በሽሽት ላይ ያለ ሰው በጥድፊያ የሚያበጀው ነገር አይደለም።

ሙያው ከየት እንደመጣ ደግሞ አክሱም ይነግረናል። የአክሱም ሐውልቶች የተጠረቡት ከከተማዋ በስተምዕራብ ካለው የጎቦ ዱራ ካባ ከወጣ እጅግ ጠንካራ የእሳተ ገሞራ ዘር ድንጋይ ነው። የወደቀው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከሮም ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2008 ዳግም የቆመው ደግሞ ወደ 24 ሜትር ይጠጋል። እነዚህ ሐውልቶች በድንጋይ የተሠሩ የፎቅ ቤት ምስሎች ናቸው፤ በራቸው፣ መስኮታቸው፣ በግድግዳው ውስጥ የሚያልፉት ወራጆችና ወደ ውጭ ብቅ የሚሉት «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት የእንጨት ጫፎች ሁሉ በአለቱ ላይ ተቀርጸዋል። እውነተኛው የእንጨትና የድንጋይ አሠራር ምን ይመስል እንደነበር ለማየት ደብረ ዳሞ አለችልን፤ በዚያች ቤተ ክርስቲያን የእንጨቱ ወራጅም፣ የእንጨቱ የመስኮት ረድፍም በአካል ይገኛል። እንግዲህ ኢትዮጵያዊው ጠራቢ የእንጨትን ቤት በድንጋይ መቅረጽ የጀመረው ገርዓልታ ላይ አይደለም። አክሱም ላይ ሲቀርጽ የነበረው ድንጋይ ጠንካራ ስለሆነ የቤቱን ፊት ብቻ አሳየ፤ የምሥራቅ ትግራይ አለት ግን ወደ ውስጥ መግባትን ፈቀደለት። የቤቱን መልክ ከመቅረጽ አልፎ ቤቱን ራሱን ቀረጸ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የእምነት ወይም የፍራቻ መጠን ሳይሆን የድንጋይ ጠባይ ነው።

ይህን አንድ ሕንፃ ላይ ቆም ብለን እንመልከተው። በውቅሮ ከተማ ዳር የሚገኘው ውቅሮ ጨርቆስ፣ በምዕራቡ በኩል ካለው አብርሃ ወአጽብሐና ከሚካኤል እምባ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ሦስቱም በአራት ማዕዘን ውስጥ መስቀል የተዘረጋበት ንድፍ አላቸው። በጨርቆስ ውስጥ ዓምዶቹ ራሳቸው የመስቀል ቅርጽ ይዘው ተጠርበዋል፤ ከአናታቸው ላይ የእንጨት ደጋፊ የሚመስል ራስ ወጥቶ ቅስቱን ይቀበላል። ከቅስቶቹ በላይ የተደፈኑ ትንንሽ መስኮቶች ረድፍ ግድግዳውን ይዞራል፤ እያንዳንዷ መስኮት አራት ማዕዘን ክፈፍ አላት። ደብረ ዳሞ ላይ ይህ ረድፍ ከእንጨት የተገጣጠመ የግንባታው አካል ነው። እዚህ ግን ወራጅም የለ፣ ማገርም የለ፣ ክብደት የሚሸከም ክፈፍም የለ፤ ዓምዱ፣ ቅስቱ፣ መስኮቱና ጣሪያው አንድ አለት ናቸው። በዓምዱ ላይ የሚታየው የድንጋዩ ንብርብር መስመር ምንም መጋጠሚያ ሳያቋርጠው ወደ ግድግዳው ይዘልቃል። ጠራቢው የማያስፈልገውን ወራጅ የቀረጸው ቤተ ክርስቲያን ምን መምሰል እንዳለባት ያውቅ ስለነበር ነው። በፃዕዳ እምባ አካባቢ ባለችው መድኃኔ ዓለም ዓዲ ቀሾ ደግሞ ጣሪያው በጂኦሜትሪ ቅርጾች ተከፋፍሎ ተቀርጿል፤ የእንጨት ጣሪያ በአናጢ እጅ እንደተገጠመ ሁሉ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አንገቱን ቀና አድርጎ ለቀናት፣ ለወራት ጣሪያ የጠረበ ሰው የመሸሸጊያ ዋሻ ፈላጊ አልነበረም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ። የመጀመሪያው ተቃውሞ አቡነ የማታ ጉሕን ይጠቅሳል። ወደዚያች ቤተ ክርስቲያን የሚወጣ ሰው ጫማውን አውልቆ፣ ቀጥ ባለው ገደል ላይ በተቆፈሩ የእጅና የእግር መያዣዎች ተንጠላጥሎ ነው የሚደርሰው፤ ይህ መሸሸግ ካልሆነ ምን ሊባል ይችላል? ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። የገደሉ ከፍታ የሚያስረዳው የምንኩስናን ታሪክ ነው። አቡነ የማታ ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ ናቸው፤ ከዓለም ርቆ፣ ከፍ ብሎ፣ በጾምና በጸሎት መኖር ደግሞ የገዳም ሕይወት መሠረት እንጂ የጦርነት ዘመን ፈሊጥ ብቻ አይደለም። በሌላ በኩል ውቅሮ ጨርቆስ በከተማ ዳር ባለች ጉብታ ላይ ለመንገደኛ ሁሉ ይታያል፤ አብርሃ ወአጽብሐም ከሸለቆው በላይ ፊቷን ገልጣ ቆማለች፤ እንዲያውም ዮዲት ይህችን ቤተ ክርስቲያን አቃጠለች የሚል ትውፊት አለ። ትውፊቱን የተቀበለ ሰው ቤተ ክርስቲያኒቱ ከጠላት ዓይን እንዳልተሰወረች አብሮ መቀበል አለበት። ሥራው ራሱም ለምሥጢር አይመችም። የአንድ ቤተ ክርስቲያን ፍልፈላ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ መዶሻው ከገደል ገደል ያስተጋባል፤ የወጣው ድንጋይና አሸዋም በገደሉ ሥር ይከመራል። ዘመኑም ቢሆን ከአንድ ወረራ ጋር አይገጥምም፤ ሚካኤል እምባ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሚጠቀስ ሲሆን፣ በገርዓልታ ያሉት ብዙዎቹ ደግሞ ከዚያ በኋላ በተከታታይ ዘመናት የተፈለፈሉ ናቸው። በችግር ጊዜ ሰው በእነዚህ ስፍራዎች እንደተጠለለ አልክድም፤ መጠለያ ሆነው ማገልገላቸው ግን ለመጠለያነት መሠራታቸውን አያረጋግጥም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሚመጣው ከምእመናን ነው። ይህ የእግዚአብሔር ሥራ፣ የቅዱሳን ተጋድሎ ነው፤ ድንጋዩን ምክንያት ማድረግ ክብሩን መቀነስ ነው ይላሉ። ይህን ስሜት ከልብ አከብራለሁ። ነገር ግን እምነት ለምን እንደተፈለፈሉ ሲነግረን፣ ድንጋዩ የሚነግረን እንዴትና የት እንደተፈለፈሉ ነው፤ አንዱ ሌላውን አያፈርስም። እንዲያውም ስለ ድንጋዩ ባወቅን መጠን ለጠራቢዎቹ ያለን አክብሮት ይጨምራል። የአለቱን ስንጥቅ ያነበበ፣ ጠንካራውን ንብርብር ለጣሪያ የመረጠ፣ ውኃ የሚያሰርገውን ገጽ የሸሸ ሰው ዕውቀቱንም ጸሎቱንም አብሮ ነው ያቀረበው። ስሙ ሳይመዘገብ የቀረውን ባለሙያ ሥራውን በማወቅ ማስታወስ የእምነቱም የታሪኩም ግዴታ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የጠነከረው ነው። ላሊበላ የአሸዋ ድንጋይ አይደለም፤ አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት የተጠረቡት ቀዳዳማ ከሆነ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በተምቤንም በኖራ ድንጋይ የተፈለፈሉ ጥቂቶች አሉ። ታዲያ ድንጋዩ ምን ለየው? እኔ ያልኩት የአሸዋ ድንጋይ ብቻ ይፈለፈላል ሳይሆን፣ ለመጠረብ የሚመች አለት ያገኘ ሙያ በዚያ አለት ጠባይ ይመራል ነው። የላሊበላ ምሳሌ ይህንኑ ያጠናክራል። ላሊበላ ባለችበት በላስታ አለቱ በመሬት ውስጥ የተኛ ስለሆነ ጠራቢዎቹ ከላይ ወደ ታች ዙሪያውን ቆፍረው ሕንፃውን ከአለቱ ነጥለው አቆሙት፤ ቤተ ጊዮርጊስን የምናያት ከአናቷ በኩል ነው። በገርዓልታ ግን አለቱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ስለቆመ ከፊት ወደ ውስጥ ገቡ፤ ከውጭ በርና መስኮት ብቻ ይታያል፤ ጥበቡ ሁሉ ያለው ውስጥ ነው። አንድ እምነት፣ አንድ ሥርዓተ ቅዳሴ፣ አንድ የአክሱም ቅርስ ያላቸው ሰዎች በሁለት ዓይነት አለት ፊት ቆመው ሁለት ዓይነት ሕንፃ አወጡ። ለልዩነታቸው ከድንጋዩና ከአቀማመጡ የተሻለ ምክንያት የሚያቀርብ እስካሁን አላየሁም።

የትግራዩ የአሸዋ ድንጋይ የቤተ መቅደስ ብቻ ሳይሆን የመኖሪያ ቤትም ነው። የምሥራቅ ትግራይ ገበሬ ሕድሞውን የሚገነባው ከደጁ ባገኘው ድንጋይ ሲሆን፣ የአሸዋ ድንጋይ ባለበት አገር ይህ ድንጋይ ንብርብሩን ተከትሎ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚሰነጠቅ ለግንበኛ ግማሽ ሥራውን ይቀንስለታል። ወፍራም ግድግዳው በጭቃ ተያይዞ ወይም በደረቁ ተደርድሮ ይቆማል፤ ጣሪያው በእንጨት ወራጅ ላይ ተረብርቦ አፈር ይለብሳል። የግቢው አጥር፣ የደጁ መደብ፣ የእርሻው እርከን ሁሉ ከዚያው ድንጋይ ነው። ስለዚህ ድንጋዩን የማንበብ ዕውቀት በጥቂት የቤተ ክህነት ባለሙያዎች እጅ ብቻ አልነበረም፤ የትኛው ድንጋይ እንደሚሰነጠቅ፣ የትኛው ክረምት እንደሚያሟሟው ገበሬው ሁሉ ያውቅ ነበር። ታላላቆቹ ፍልፍሎች በዚህ ሰፊ የሕዝብ ዕውቀት ላይ የበቀሉ መሆናቸውን ከዘነጋን ከሰማይ የወረዱ እንግዳ ነገሮች እናደርጋቸዋለን።

ለመጠረብ ያመቸው ጠባይ ግን የድንጋዩ ድክመትም ነው። ለመሮ ልል የሆነው ለውኃም ልል ነው። በክረምት ከአናቱ የሚሰርገው ዝናብ በስንጥቁ ወርዶ ጣሪያውን ያረጥባል፤ ውኃው ሲተን የሚተወው ጨው በቅንጣቶቹ መካከል ተጠራቅሞ ገጹን ከውስጥ ገፍቶ ያራግፋል። ከወለል የሚወጣው እርጥበት የዓምዶቹን እግር ይበላል። በአብያተ ክርስቲያናቱ ውስጥ ያሉት ሥዕሎችም አደጋ ላይ የሚወድቁት በዚሁ መንገድ ነው፤ የተቀቡበት ስስ ልስን ከአለቱ ከተላቀቀ የሐዋርያትና የነቢያት ፊት አብሮ ይረግፋል። የአቡነ የማታ የጉልላት ሥዕሎች ደምቀው የቆዩት ቦታው ደረቅ፣ አናቱም ውፍረት ያለው አለት ስለሆነ ነው። መፍትሔ ተብሎ በብዙ ቦታ የሚፈሰው ሲሚንቶ ደግሞ በሽታውን ያባብሰዋል። ሲሚንቶ ከአሸዋ ድንጋይ ይልቅ ጠንካራና እርጥበት የማያሳልፍ ስለሆነ ውኃው በእሱ በኩል መውጣት ሲያቅተው በአጠገቡ ባለው ድንጋይ ይወጣል፤ ጨውም ይጨምርበታል። ዓመታት ሲያልፉ ሲሚንቶው ደህና ሆኖ ይቀራል፤ ከጎኑ ያለው የጥንቱ ድንጋይ ግን አሸዋ ሆኖ ይወርዳል። እንደ ድንጋዩ እርጥበት የሚያሳልፈው የኖራ ማያያዣ፣ ከአናት ላይ ውኃውን ቀድሞ የሚመልስ ቦይ፣ ስንጥቁን በየክረምቱ የሚከታተል ሰው፤ እነዚህ ከትልልቅ ፕሮጀክቶች በፊት የሚቀድሙ ርካሽና ትክክለኛ ሥራዎች ናቸው።

የክርክሩም ፋይዳ እዚህ ላይ ነው። ሕንፃዎቹ የሽሽት ዋሻዎች ናቸው ብለን ካመንን የምንጠብቀው ውስጣቸው ያለውን ሥዕልና መስቀል ብቻ ይሆናል፤ አለቱ እንደ ተራ ገደል ይቆጠራል፤ ቢሰነጠቅ በሲሚንቶ ይደፈናል፤ አናቱ ላይ ግንባታ ቢሠራ ግድ አይሰጠንም። ሕንፃው ራሱ ድንጋዩ መሆኑን ከተረዳን ግን የቅርሱ ድንበር ይሰፋል። ከጣሪያው በላይ ያለው ኮረብታ፣ ውኃው የሚወርድበት ተዳፋት፣ ዛሬም ድንጋይ ጠርቦ የሚያድረው የአካባቢው ግንበኛና ዕውቀቱ ሁሉ የቅርሱ አካል ይሆናሉ። በላስታ በእኛ ዘመንም በእጃቸው አለት የሚፈለፍሉ መነኮሳት መኖራቸው ሙያው ጨርሶ እንዳልሞተ ያሳያል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን አለት ምን ዓይነት እንደሆነና ውኃ በየት እንደሚገባበት ተመርምሮ ይመዝገብ፤ ጥገናውም የድንጋዩን ጠባይ ለሚያውቁ የአገር ጠራቢዎች ይሰጥ፤ ወጣቶችም ከእነሱ እየሠሩ ይማሩ። አባ ተወልደ መድኅን በዝርዝራቸው የሥፍራዎቹን ስም አስረክበውናል፤ የእኛ ትውልድ ድርሻ ደግሞ የድንጋዩን ጠባይ መዝግቦ ለቀጣዩ ጠራቢ ማስረከብ ነው።